የተለጠፈው ቤተ መንግሥት

ፅጌረዳ ስትቆጣ ድምጿ አይጨምርም፤ ይቀንሳል። መካኒሳ አቦ አካባቢ ባለው መዋዕለ ሕፃናት ዐሥራ አንድ ዓመት አብረዋት የሠሩ ሰዎች ይህን ስለማያውቁ “ፅጌ እኮ መልአክ ናት፤ ተቆጥታ አታውቅም” ይላሉ። ተቆጥታ አታውቅም! ሴትዮዋ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትቆጣ ነው የኖረችው። የጠየቃት ስለሌለ ብቻ ነው ያልተሰማው።

ንዴቷን የሚያውቀው የቀኝ እጇ አውራ ጣት ነው። ጥፍሩ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ፣ ድኖ፣ እንደገና ተሰንጥቆ፣ አሁን እንደ ቀንድ ጠጥሯል። ይህን ያደረገው የልብስ አጠባ ወይም የሽንኩርት ክተፋ አይደለም፤ የልጆች መጫወቻ ነው። እነዚያ አንዱ ባንዱ ላይ እየተሰካ ቤትና መኪና የሚሠራባቸው፣ አናታቸው ላይ ትናንሽ ጉብታዎች ያሏቸው ባለቀለም የፕላስቲክ ብሎኮች። መሰካቱ ለማንም ቀላል ነው። ከተሰኩ በኋላ ማላቀቅ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ በተለይ ሁለት ስስ ጠፍጣፋዎች አንድ ወጥ መስለው ሲገጥሙ ጉልበተኛ ወንድ እንኳ ያልበዋል። እነሱን ማላቀቅ የፅጌረዳ ሥራ ነው። ሥራዋ የሆነው ደግሞ ገና በዐሥር ዓመቷ ነው።

ነገሩ ከጎፋ ሰፈር ይጀምራል። አክስቷ ከዱራሜ አምጥታ ለእነ እትዬ ክብረት ስታስረክባት “ትምህርት ቤት ያስገቧታል፤ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት” ተብሎ ነበር። እንደ ልጃቸው! ይህችን “እንደ” የምትባል ቃል ፅጌረዳ እስከ ዛሬ አትወዳትም። የቤቱ ልጅ አስቴር እሷም ዐሥር ዓመቷ ነበር። ልጅ የሆነችው ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ትወጣለች፤ እንደ ልጅ የሆነችው ቦርሳዋን ተሸክማ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ታደርሳታለች፤ ከዚያ ተመልሳ ትጠርጋለች። የማታ ትምህርቷንም እስከ ስድስተኛ ክፍል ገፋችው፤ እሱም እንግዳ ያልመጣ ቀን ነው።

የአስቴር አባት ለሥልጠና ውጭ አገር ሄደው ሲመለሱ አንድ ትልቅ ካርቶን ሙሉ ብሎክ አመጡላት። እትዬ ክብረት ግን ጥሩ ዕቃ ለእንግዳ ነው የሚሉ ሴት ነበሩ። ጥሩው ሰሃን ለእንግዳ፣ ጥሩው ፎጣ ለእንግዳ፣ ጥሩው መጫወቻም ለእንግዳ። ብሎኩ ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጎን ተቀምጦ ተቆለፈበት። እንግዳ ሲመጣ ይወጣል። አስቴር ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ቤት ትሠራለች፤ እንግዶቹም “ይቺ ልጅ ኢንጂነር ነው የምትሆነው!” እያሉ ያደንቃሉ። ሸኝተው ሲመለሱ እትዬ ክብረት ወደ ጓዳ ይጣራሉ።

“አንቺ ፅጌ! ነይ ፍቺው። የአስቱ ጣት ይጎዳል።”

የፅጌ ጣት አይጎዳም ማለት ነው። ከምን እንደተሠራ እግዜር ይወቅ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ፅጌረዳ ያንን ብሎክ እንደ መዳፏ አወቀችው፤ የትኛው ከየትኛው ጋር ሲገጥም እንደሚያስቸግር፣ የትኛው እንደላላ፣ የትኛው ጠርዙ እንደሚሸረፍ። ሠርታበት ግን አታውቅም። “እንዳትሠሪ” ያላት ሰው የለም፤ “ሥሪ” ያላትም ስለሌለ እጇ ወደዚያ ሄዶ አያውቅም። የሷ ድርሻ አፍርሶ፣ በየቀለሙ ለይቶ፣ ካርቶኑ ውስጥ መመለስ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ቢጫ ብሎክ ከጠፍጣፋ ጋር ተጣብቃ እምቢ አለቻት። ጥፍሯ ደማ። እትዬ ክብረት ደግሞ “እስካሁን? እዚያው ልታድሪ ነው?” እያሉ ይጣራሉ። ቢቸግራት በጥርሷ ነከሰቻት። ብሎኳ ተላቀቀች፤ ጫፏ ላይ ግን የጥርስ ምልክት ቀረ። ያን ዕለት የቀመሰችው ኩርኩም ነው የዕድሜ ልክ ሕግ ያወጣላት። ጥርስ የለም፣ ቢላ የለም፣ ጉልበት የለም። ዘዴ ብቻ።

ዘዴውን ያስተማራት የለም። ስሱን ጠፍጣፋ በሌላ ብሎክ ማዕዘን ከጠርዙ ሥር መግፋት፤ አጭሩን የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስደግፎ ወዲያና ወዲህ ማዘንበል፤ ክፉኛ የጠበቀውን ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ዘፍዝፎ መጠበቅ። መጎተት አይገባም። የጎተትከው ነገር ይብስ ይይዝሃል። ማወዛወዝ ነው፤ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ፣ ራሱ ሰልችቶት እስኪለቅ።

አስቴር ተማረች፣ አገባች፣ ወለደች። እትዬ ክብረት ታመው አልጋ ላይ በቆዩባቸው ሁለት ዓመታት ያገላበጠቻቸውም፣ ያጎረሰቻቸውም ፅጌረዳ ናት። እሳቸው ካረፉ በኋላ አስቴር መካኒሳ አቦ ግቢ ተከራይታ መዋዕለ ሕፃናት ስትከፍት ከእናቷ ቤት ይዛ የመጣችው ሁለት ነገር ነበር፤ ያንን የብሎክ ካርቶንና ፅጌረዳን። በመክፈቻው ዋዜማ ትከሻዋን አቀፈቻትና “ፅጌዬ፣ እንግዲህ ሰው ፊት ‘አንቺ’ አትበይኝ፤ ወላጆች ይታዘባሉ” አለቻት። ፅጌረዳ “እሺ” አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብራት ያደገችውን ሴት “እርስዎ” ትላለች።

እዚያ ግቢ አስተማሪዎቹ “ሚስ” ይባላሉ፤ ፅጌረዳ “ናኒ” ናት። ሽንት ቤት ማድረስ፣ ምሳ ማጉረስ፣ ያለቀሰ ማባበል የናኒ ነው። ብሎክ ማሠራት የሚስ ነው፤ ማፍረሱ የናኒ። እሷ ግን እዚያ ማፍረሱን ደንብ አደረገችው። ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት የተሠራው ሁሉ ይፈርሳል፤ ማንም ምንም አያስቀምጥም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የትናንቱ ቤት ካልፈረሰ ብሎኩ ትናንት በቀደመው ልጅ እጅ ይቀራል፤ ዛሬ አርፍዶ የመጣው ምን ይይዛል? መጀመሪያ ሰሞን ያልጮኸ ልጅ አልነበረም። ቀስ በቀስ ግን ማፍረሱ ራሱ ጨዋታ ሆነላቸው። ዙሪያዋን ይቀመጡና “አትጎትት!” ስትል “አወዛውዝ!” ብለው ይቀበሏታል።

ከሁሉ ቀድማ ዘዴው የገባት ራኬብ ናት። አምስት ዓመቷ ነው፤ የማታለቅስ፣ ነገር የማትረሳ፣ ከያዘች የማትለቅ ልጅ። ራኬብ ያቃታትን ብሎክ ለፅጌረዳ ታመጣለች፤ ፅጌረዳ ያቃታት ብሎክ የለም። ይህን ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ ሰማይ ከላይ መሆኑን እንደሚያውቁት ነው የሚያውቁት።

እንግዲህ ወደ ጉዱ እንምጣ። ደረጃ የሚሰጡ ተቆጣጣሪዎች ሐሙስ ይመጣሉ ተባለ። አስቴር ሰሞኑን እንቅልፍ አጣች፤ ግድግዳ አስቀባች፣ መጋረጃ አስቀየረች። ሚስ ዝማሬ የምትባለውን ወጣት አስተማሪ ጠርታ ስልኳ ላይ የአንድ ቤተ መንግሥት ፎቶ አሳየቻትና “ይህን በብሎክ ሥሪልኝ” አለቻት። ምስኪኗ ዝማሬ ሳምንቱን ሙሉ ምሳዋን እየተወች ሠራችው። አራት ግንብ፣ አጥር፣ በር፣ ደረጃ። ካርቶኑ ውስጥ አንድ ብሎክ አልቀረም። ቅዳሜ፣ ልጆች በሌሉበት፣ አስቴር ፅጌረዳን ጠራቻትና ስድስት ትንንሽ የሱፐር ግሉ ማጣበቂያ ቱቦ እጇ ላይ ቆጠረችላት።

“በየመገጣጠሚያው ጠብ ጠብ አድርጊበት። ዝማሬ ታዝረከርከዋለች። አንቺ እጅሽ ንጹሕ ነው።”

“ከዚያ ልጆቹስ በምን ይጫወታሉ?”

“ሌላ እንገዛለን። ይሄ እኮ ከተነካካ ያው መፍረሱ ነው። እንግዳ መቀበያው ያለው የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው።”

ፅጌረዳ ቤተ መንግሥቱን አየችው። መስታወቱንም አየችው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ሄዳ ጎፋ ቡፌው ፊት ጨርቅ ይዛ ቆመች። አፏ ግን የለመደውን አለ።

“እሺ።”

ለጠፈችው። ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ከመስመር ሳትወጣ ለጠፈችው። የደረቀው ማጣበቂያ በየስንጥቁ ነጭ ብናኝ አወጣ፤ አንድ ቦታ ላይ የአውራ ጣቷ አሻራ ከተሰነጠቀው ጥፍር ጭረት ጋር ብናኙ ላይ ታተመ። የትልቁ ግንብ ጫፍ ላይ ያቺ ቢጫ ብሎክ ነበረች፤ የልጅነት ጥርሷ ያለባት። እሷንም ለጠፈቻት። ከዚያ ቱቦዎቹን ሰብስባ ጣለች፣ እጇን ታጠበች፣ ለቡ ወዳለው ቤቷ በሚኒባስ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ደሟ ይፈላ ነበር። አስቴር ላይ አይደለም፤ አስቴር አስቴር ናት። “እሺ” ያለውን አፏን ነው የጠላችው። ማላቀቅ የሚያውቅ እጅ እንዴት ለመለጠፍ ይታዘዛል? ውሻ እንኳ የሚቀብረውን አጥንት ይመርጣል!

ሰኞ ጠዋት ራኬብ ካርቶኑን ከፈተችው። ባዶ ነው። ገልብጣ አራገፈችው፤ አሁንም ባዶ ነው። ከዚያ እንግዳ መቀበያው ጋ ሄዳ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

“ናኒ ፅጌ፣ ይሄ መቼ ነው የሚፈርሰው?”

ፅጌረዳ እውነቱን መናገር ነበረባት። አልተናገረችም። የራኬብ ዓይን ሲያያት ጨነቃትና “ሐሙስ እንግዶቹ ሲመጡ” አለቻት። ሐሙስ ይፈርሳል። ቃል ማለት እንዲህ በችኮላ ከአፍ የምትወጣ ነገር ናት፤ የወጣችበትን ሰው ግን አትለቅም። ራኬብ ሄዳ ለሌሎቹ ነገረች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠዋት “ሐሙስ ዛሬ ነው?” እያሉ የሚጠይቋት ዐሥራ ሰባት ልጆች ሆኑ።

ረቡዕ ከሰዓት ቢሮ ገባች።

“ዳይሬክተር፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ቤተ መንግሥቱን ልውሰደው? ላላቅቀው ልሞክር። ለልጆቹ ቃል ገብቻለሁ።”

አስቴር ከወረቀቷ ቀና ብላ ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። “ፅጌዬ ደግሞ! የምዝገባ ወቅት እስኪያልፍ ከዚያ አይነቃነቅም። ለልጅ ብለሽ ትጨነቂያለሽ? ነገ ይረሱታል።”

“አይረሱትም።”

“ይረሱታል። እኔ ስንት ነገር ረስቻለሁ።”

“እርስዎ አዎ” አለች ፅጌረዳ፣ ድምጿ በጣም ቀንሶ። አስቴር አልሰማቻትም። መቼ ሰምታ ታውቃለች?

ሐሙስ ሦስት ተቆጣጣሪዎች መጡ። አለቃቸው አቶ ሕዝቅኤል የሚባሉ፣ ትንሽ የሚናገሩ ብዙ የሚያዩ ሰው ናቸው። መስታወቱ ላይ “በልጆቻችን እጅ የተሠራ” የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አስቴር ከጎኑ ቆማ ፈካ ብላለች። አቶ ሕዝቅኤል ወረቀቱን አነበቡና ቁጢጥ ብለው ራኬብን “አንቺ ነሽ የሠራሽው?” አሏት።

“አዎ በያቸው እንጂ የኔ ቆንጆ!” አለች አስቴር።

ራኬብ ግን ሌላ ነገር ነው የምታስበው። “ዛሬ ሐሙስ ነው” አለች። “ዛሬ ይፈርሳል። ናኒ ፅጌ ብላለች።”

“እንዲያ ከሆነ አሳዪኛ” አሉ ሰውየው። ወደ አስቴር ዞር ብለው “ይከፈትልን?” ሲሉ አስቴር ምን ታድርግ? ከፈተችው። ቤተ መንግሥቱ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፤ ልጆቹ ከበቡት።

ራኬብ እጅጌዋን ሰበሰበች። በትልቁ ግንብ ጫፍ ጀመረች። እንደተማረችው አልጎተተችም፤ ወዲህ አዘነበለች፣ ወዲያ አዘነበለች። ምንም። ወደ ሌላኛው ግንብ ሄደች። ምንም። ትንሿን ጥፍሯን ከጠርዝ ሥር ከተተች፤ ፊቷ ቀላ፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ጥፍሯ ተቀለበሰ። ያቺ የማታለቅስ ልጅ ዓይኗ እንባ ሞላ። ያለቀሰችው ስላመማት አይደለም፤ ሁሉንም እንደተባለችው አድርጋ ስላልሆነላት ነው። ብሎኩን ሳይሆን ራሷን ነው የጠረጠረችው።

“ናኒ ፅጌ” አለች፣ በር ላይ የውኃ ጆግ ይዛ ወደቆመችው ሴት ዞራ፣ “እምቢ አለኝ። አንቺ ፍቺልኝ።”

ዐሥራ ሰባት ራስ ዞረ። የሦስቱ እንግዶችም ዞረ።

“ፅጌ” አለች አስቴር፣ ድምጿ ማር ማር እያለ፣ “ልጆቹን እስቲ ወደ ውጭ ውሰጂያቸው።”

“እሺ” የምትለው ቃል ተነሥታ ጉሮሮዋ ድረስ መጣች። ፅጌረዳ እዚያው ዋጠቻት። ጆጉን መሬት አስቀመጠችና ከልጅቷ ፊት ተንበረከከች።

“አንቺ አይደለሽም ያቃተሽ ራኬብ። ይሄ የሚፈታ አይደለም። እኔ ነኝ በማጣበቂያ የለጠፍኩት። ሐሙስ ይፈርሳል ብዬም የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።” ከዚያ ወደ ሰውየው ቀና አለች። “ልጆች አልሠሩትም ጌታዬ። መምህሯ ናት ታዛ የሠራችው። ልጆቹ ከሰኞ ጀምሮ ባዶ ካርቶን ሲያዩ ነው የሰነበቱት።”

ሚስ ዝማሬ ጥግ ላይ አንገቷን ደፋች። አስቴር ሳቅ ለማለት ሞከረች። “ፅጌ እኮ እንደ ቤተሰባችን ናት፤ ዛሬ ትንሽ አሟት ነው…”

“አላመመኝም” አለች ፅጌረዳ።

አቶ ሕዝቅኤል ቤተ መንግሥቱን አንሥተው ነጩን ብናኝ በጣታቸው ነኩት፤ አሻራውንም አዩት። ደብተራቸው ላይ ረጅም ነገር ጻፉ፤ ለማንም አላነበቡም።

እንግዶቹ በሩን እንደወጡ አስቴር እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ መጣች። “ሠላሳ ምናምን ዓመት! ከየትም አምጥተን፣ አብልተን አሳድገን! ያጎረስኩ እጄን ነከስሽኝ!”

“የቱ እጅሽ ነው ያጎረሰኝ?” አለች ፅጌረዳ። ድምጿ በጣም ከመቀነሱ የተነሣ አስቴር ለመስማት ጎንበስ አለች። “አሳዪኝ እስቲ። ሳጎርስ የኖርኩት እኔ ነኝ። አንቺን አጉርሻለሁ፣ ልጆችሽን አጉርሻለሁ፣ እናትሽን ሞት እስኪወስዳቸው ድረስ አጉርሻለሁ። አሁን ደግሞ የሰው ልጆች አጎርሳለሁ። እኔን ማን አጎረሰኝ?”

አስቴር ጮኸች። “ውጪልኝ! አሁኑኑ ከግቢዬ ውጪልኝ!”

“እወጣለሁ። እሱን ይዤ ነው የምወጣው።”

“ውሰጂው! ካዋረደኝ በኋላ ምን ያደርግልኛል፤ ወስደሽ ቅበሪው!”

ፅጌረዳ ቤተ መንግሥቱን አቅፋ ሚኒባስ ተሳፈረች። ወያላው “እናት፣ ይሄ እኮ የሁለት ሰው ቦታ ነው” ብሎ ጀመረና ፊቷን አይቶ ተወው። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ “እንዴት ያምራል!” ቢሏት “አያምርም” አለቻቸው። ለቡ እስክትወርድ ድረስ ሌላ ያናገራት የለም።

መጀመሪያ አሴቶን የሚሉትን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሞከረች፤ ብሎኩ እንደ ማስቲካ ቀለጠባት። ተሳደበች፤ ጸሎት ቤት የማይባል ስድብ ነው። ያዳናት የጎረቤቷ ሱቅ ባለቤት አናስ ነው። “የፍሪዘሬን እጀታ በሱፐር ግሉ ለጥፌው ነበር፤ ብርዱ ማጣበቂያውን እንደ ብርጭቆ ሰባብሮ ጣለው” አላት። ፅጌረዳ ያንን ሰምታ ቤተ መንግሥቱን ይዛ መጣችና ከታሸገው ውኃ ጎን ፍሪዘሩ ውስጥ ጨመረችው።

ዓርብ ጠዋት ሥራ ጀመረች። ግንብ በግንብ ታወጣለች፤ በውርጭ የነጣውን መገጣጠሚያ በእንጨት ማንኪያ እጀታ ቀስ ብላ ታንኳኳለች፤ ከዚያ ታወዛውዛለች። ቀጭ ይላል። ለእያንዳንዱ ቀጭ አንድ ያለፈ “እሺ” ታወጣለት ጀመር። ይሄ ለቦርሳው። ይሄ ለኩርኩሙ። ይሄ የማታ ትምህርቴን ላስቀረብኝ የእንግዳ ሰሃን አጠባ። ይሄ “እርስዎ” ላልኩበት። አናስ ከሱቁ ሆኖ ብቻዋን ስታጉረመርም ሲሰማ ሁለት ጊዜ ሻይ ላከላት። እሑድ ቸርች ሄዳ “ጌታ ሆይ፣ ቁጣዬን አብርድልኝ” ብላ ጸለየች፤ ፍሪዘር ውስጥ የቀረው ትዝ ሲላት “ትንሽ ቆይተህ” ብላ ጨመረችበት።

ሠላሳ ያህሉ ተሰበረ። የቀረው ዳነ፤ በሳሙና ታጥቦ በየቀለሙ ተለየ። በመጨረሻ አንዲት ብቻ ቀረች፤ ቢጫዋ፣ ከአንድ ጠፍጣፋ ጋር ተጣብቃ። ፍሪዘር አልበገራትም፣ ማዕዘን አልገፋትም፣ ጥፍር አልያዛትም። ፅጌረዳ እሑድ ከሰዓት በኋላዋን ሙሉ ታገለቻት። የአውራ ጣቷ ጥፍር እንደገና ተሰነጠቀ። ደሙን አየችው። ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችውን ሕግ ረገጠችው።

“እትዬ ክብረት” አለች ጮክ ብላ፣ ለሞቱት ሴትዮ፣ “እስቲ ይምጡና ይኮርኩሙኝ!”

ነከሰቻት። የአርባ ሦስት ዓመት ጥርሷ የዐሥር ዓመት ጥርሷ ካረፈበት ላይ አረፈ። ቢጫዋ ተላቀቀች።

ሰኞ ጠዋት ልጆች በሚገቡበት ሰዓት መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ደረሰች። ዘበኛው ጋሽ ቸኮል አንገታቸውን ደፍተው “ፅጌ፣ እንዳላስገባሽ ታዝዣለሁ” አሏት።

“ማን ይገባል አለ ጋሽ ቸኮል? ውጭው የመንግሥት ነው።”

ከበሩ ጎን ማዳበሪያ አነጠፈችና ብሎኩን ዘረገፈችው። ድምፁን የማያውቅ ልጅ የለም። አንዱ ከእናቱ እጅ አመለጠ፣ ሌላዋ ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች። ራኬብ ግን አልሮጠችም። መጣችና ሁለት የተጣበቁ ብሎኮች ፈልጋ ብታጣ፣ ፅጌረዳን ቀና ብላ አየቻት።

“ሐሙስ አላልሽም እንዴ?”

“ዘገየሁ” አለች ፅጌረዳ። “ይቅርታ አድርጊልኝ።”

ራኬብ ትንሽ አሰበችና ተቀመጠች። ይቅርታው በዚያ አለቀ።

አስቴር ጫጫታውን ሰምታ ወጣች። ወላጆች ቆመው ያያሉ። “ቸኮል! ይሄን ነገር አንሣልኝ!” አለች።

“ወገቤን አሞኛል ዳይሬክተር” አሉ ጋሽ ቸኮል፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ።

አስቴር ቆማ ቀረች። ዓይኗ ማዳበሪያው ላይ የተበተነው ብሎክ ላይ፣ ጎፋ ምንጣፍ ላይ ኢንጂነር ትሆናለች የተባለችበት ብሎክ ላይ ነበር። የሚናገር አፍ አላጣችም፤ የሚሰማት ግን አልነበረም። ልጆቹ ሥራ ይዘዋል። ተመልሳ ገባች።

ራኬብ ቤት ጀመረች። አንድ ግድግዳ አቆመችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፅጌረዳ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ዝም ብላ እንደተቀመጠች አስተዋለች።

“አንቺስ አትሠሪም?”

“እኔ ማፍረስ ነው የማውቀው።”

ራኬብ እንደ ቀልድ ነው የሰማችው። ከክምሩ ውስጥ ቢጫዋን አንሥታ ሰጠቻት። ሁለት የጥርስ ምልክት ያለባት፣ ያቺው። “እዚህ ጋ አድርጊያት። ዝም ብለሽ መጫን ነው።”

ፅጌረዳ ብሎኳን ያዘቻት። በየት በኩል እንደምትዞር ግራ ገብቷት አገላበጠቻት። ግድግዳው ላይ አስቀመጠቻትና በተሰነጠቀው አውራ ጣቷ ጫን አለቻት።

ቀጭ አለች። ገባች። ሌላ ምንም ነገር አልነበረውም፤ ጉልበት አልፈለገም፣ ዘዴ አልፈለገም፣ ፈቃድ እንኳ አልፈለገም። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ከሁሉም በላይ አናደዳት።